የጉድጓዱ ዘበኛ

የብሎክ አሥራ ሰባት የሌሊት ዘበኛ ነኝ፤
ከነዋሪው ይልቅ ጉድጓዱ ነው የሚያውቀኝ።
ቱሉ ዲምቱ ነው ሰፈሩ፤ ከመጨረሻው ፌርማታ
ሰባ እርምጃ ቁልቁል፣ ጭቃ አስፋልትን ከረታበት ቦታ።
ክዳኑ ብረት ነበረ፤ ብረት ደግሞ ያበላል፤
ቆራሌው አልገዛሁም፣ ወረዳው አላየሁም ይላል።

መጀመሪያ ፍየል ገባች፤ የሙሉሸዋ ነበረች።
ከዚያ ሲስተር አጸደ፤ ለምጥ ተጠርታ ስትሮጥ ተሰበረች።
ባትሪ ይዤ እኔ ነኝ ያወጣኋት፤ እግሯን ታቅፋ
«ወላዷስ?» ትለኛለች፤ «ወላዷስ?» ሕመሟን ረስታ፣ ተንሰፍስፋ።

በማግስቱ ኦቦ በዳዳ፣ ይህ ሜዳ የጤፍ ማሳው የነበረ፣
ከድሮ አጥሩ ከተረፈው የኮርች ቅርንጫፍ ሰበረ፤
ጉድጓዱ አፍ ላይ ተከለና እጁን አራገፈ፤
«እስኪከድኑት ይቁም» ብሎ፣ በሬዎቹን እንደሚነዳ ሰው ቀስ እያለ አለፈ።

ማመልከቻ ጻፍን። ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ፣
ክፍለ ከተማው ወደ መንገዶች፣ መንገዶቹ ወደ ውሃና ፍሳሽ መሩን፤
ሰባት ማኅተም ሰበሰብን፤ ማኅተም ግን ጉድጓድ አይከድን።

ኮርች ደግሞ ኮርች ነው፤ የትም ቢሰኩት ይጸድቃል፤
ወረዳ ባያውቀውም፣ መሬት ልጁን ያውቃል።
ደለሉን ይዞ ሁለት ክረምት ጠጣ፣
በሦስተኛው ቀይ አበባ አወጣ።
ማስጠንቀቂያ ነበር፣ ዛፍ ሆነ፤
ማመልከቻችን ፋይል ውስጥ መነመነ።

ከዚያ ተባለ፣ ከንቲባው ይመጣሉ፤ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣
የመንገድ መብራት ሊመርቁ። ረቡዕ ሌሊት
ቀለም መጣ፣ ጠርዝ ተቀባ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ሣር ተነሰነሰ፤
«ይሄ ዛፍ ገጽታ ያበላሻል» ተባለ፤ ኮርቹ ከነሥሩ ተገረሰሰ።
ጉድጓዱ ላይ ምንጣፍ ዘረጉ። ቀይ ምንጣፍ። በዓይኔ አየሁ።
«ኧረ ጌቶች!» ብል፣ «አንተ ብሎክህን ጠብቅ» ተባልሁ፤ እዚያው አነጋሁ።

ሲነጋ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ካፖርቴን እንደለበስሁ ቆምሁ፤
ፖሊስ ገፋኝ፣ ተመለስሁ፤ ገፋኝ፣ ተመለስሁ።
ከንቲባው ደረሱ። አጭር ሰው ናቸው፤ በቴሌቪዥን ረጅም ይመስላሉ።
«ምን ሆነህ ነው እዚህ የቆምህ?» አሉ።
ሌላ ቀን ቢሆን ቃል በጠፋኝ፤ ያን ቀን ግን አፌ ቀለለኝ፤
«ጌታዬ፣ እኔ ኮርቹ ነኝ።»

ሳቁ፤ አጃቢውም ሳቀ። ምንጣፉን በጫማዬ ጫፍ ገለጥሁት፤
ሳቁ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት።

ንግግሩ ግን አልቀረም፤ ስለ ራእይ፣ ስለ ገጽታ፣ ስለ ማስተር ፕላን፤
ሪባን ተቆረጠ፣ አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ፣ እጅ አለን።

ማታ አራት ሰዓት ላይ አንዲት መኪና መብራቷን አጥፍታ ቆመች፤
ያለ አጃቢ፣ ብቻዋን መጣች።
አንድ አጭር ሰው፣ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ወረደ፤ ሰላምታም አልሰጠኝ፤
«አብራልኝ» ብቻ አለኝ።
ተንበርክኮ የጉድጓዱን አፍ በክንዱ ለካ፣ ስንዝር ጨመረ፤
አንድ ክንድ ከስንዝር፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረ።
«ስንት ሰው ገባ?» አለ። ነገርሁት፤ ፍየሏንም ጭምር።
«ሲስተሯስ?» «ታነክሳለች» አልሁት፤ «አልቀረችም ግን ከመብረር።»

ከንቲባው ይሁን፣ የውሃና ፍሳሽ ሠራተኛ፣ ፊቱን አላየሁም፤
ባትሪዬ ጉድጓዱ ላይ ነበረ፣ ቀና አላደረግሁትም።
እሱ ከሆነም፣ ሁለታችንም ዘበኞች ነን፤
ደመወዝ ነው የሚለየን።
ዙሬን ልዞር ሄድሁ፤ ስመለስ መኪናዋ የለችም።

ክዳኑ ገና ነው። ሲነጋ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ
ኮርቹ ቆሞ አገኘሁት፣ ትንሽ ዘመም ብሎ ወደ ፀሐይ፤
ሥሩ ዙሪያ ጭቃው ተጠቅጥቋል፤ የቦት ጫማ ዱካ አለ፤
ኦቦ በዳዳን ጠየቅሁት፤ «እኔ ቦት ጫማ የለኝም» አለ።